መርዶ ወደ ሊንደንብሩክ

ኦክላንድ፣ ኦክቶበር 7 ቀን 1972
(ያልተላከ)

እትዬ ትርፌ፣

እህቴ ውብዳር ሞታለች።

ይህን ጽፌ ብዕሩን አስቀመጥኩት። ከዚህ ቀጥሎ ምን እንደሚጻፍ አላውቅም። ለእረፍት ከጀርመን እኛ ዘንድ መጥታ ነበር። ኦገስት ውስጥ አንድ ጠዋት ራሴን አመመኝ አለች፤ ሆስፒታል ገባች፤ አልተመለሰችም። አንጎሏ ውስጥ ደም ፈሷል አሉን። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። የቀበርናት ኮረብታው ላይ ነው፤ ከዚያ ሆኖ ባሕሩ ይታያል።

እርስዎ፣ እዚያ አብረዋት የሚማሩት ጓደኛዋ፣ ይህን አያውቁም። ዛሬ ለእሷ የጻፉላት ሦስተኛ ደብዳቤ ደረሰ። «አንቺ ዋሾ፣ ትምህርት ሊጀመር ነው፣ የት ገባሽ?» ይላል። አባዬ ከፖስታ ሳጥኑ አውጥቶ ሰጠኝና «አንተ መልስ ስጣት፤ ነገሩን ግን እንዳታነሣው» አለኝ። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም። ሳን ሆዜ የሚኖሩት የአባዬ ጓደኛ አቶ ወልደ ማርያም ለፋሲካ ወደ አውሮፓ ይሄዳሉ። እሳቸው ቤትዎ ድረስ መጥተው፣ አስቀምጠው፣ እጅዎን ይዘው እንዲነግሩዎት ተወስኗል። እስከዚያ ግማሽ ዓመት አለ።

ስለዚህ ይህን ወረቀት አልልከውም። ነገ ሌላ እጽፋለሁ።

ግርማቸው


ኦክላንድ፣ ኦክቶበር 8 ቀን 1972

ለተከበሩ እትዬ ትርፌ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? አባዬ፣ እማዬ፣ ትንሿ እህቴ መነንና እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለን።

ስሜ ግርማቸው ነው፤ የውብዳር ወንድም። ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ የሃይስኩል የመጨረሻ ዓመት ላይ ነኝ። ሦስቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰዋል። ውብዳር መልስ ልትጽፍልዎ አልቻለችም። በዚህ እንዳይቀየሟት እለምንዎታለሁ። የምችለውን እኔ ልመልስ፦ ቫዮሊኑ እዚህ ነው። እማዬ በነጠላ ጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች፤ እርጥበት አያገኘውም። ያዋሷት ግራጫ ሹራብም አለ። አልተቀደደም።

አንድ ልመና አለኝ። የታሪክ አስተማሪያችን ስለ አንድ የቆየ ተቋም ተርም ፔፐር፣ ረዘም ያለ የጥናት ጽሑፍ፣ አዛናለች። የክፍሌ ልጆች ስለ ወርቅ ቆፋሪዎችና ስለ ድልድዩ ይጽፋሉ። ስለ ድልድዩ ብቻ ስምንት ልጆች ናቸው። እኔ ስለ እናንተ የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ስለ ኮንሰርቫቶሪው፣ ልጽፍ አስቤአለሁ። ማን መሠረተው? ምን ምን ትምህርት ይሰጣል? ለመመረቅስ ምን ዓይነት ፈተና ነው? ውብዳር «ጥማድ» ስለሚሉት ነገር አንድ ቀን ሌክ ሜሪት ሐይቅ ዳር ስንሄድ አውርታልኝ ነበር፤ ያኔ ዳክዬዎቹን እያየሁ በደንብ አልሰማኋትም። አሁን ማወቅ እፈልጋለሁ።

አክባሪዎ ግርማቸው


ሊንደንብሩክ፣ ኦክቶበር 19 ቀን 1972

ወንድሜ ግርማቸው፣

ከሁሉ በፊት «እርስዎ» የሚለውን ተው። ሳነበው የዳይሬክተሩ ሚስት የሆንኩ መሰለኝ። ገና ሃያ አምስት ዓመቴ ነው፤ እህትህም ካልሲዬን ሳትጠይቀኝ ነው የምታደርገው። አንቺ በለኝ።

ቀጥሎ ለእህትህ ንገራት፦ እኔ ሦስት ደብዳቤ ስጽፍ እሷ ወኪል ትልክብኛለች! ዙፋን ላይ ወጥታለች እንዴ? አሟት እንደሆነ ይማራት። ሰንፋ እንደሆነ ግን ሹራቤን ይዛ ትምጣና ፊት ለፊት እንጣላ።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። ጥያቄህን ወደድኩት። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ስለ ኢትዮጵያ ይጠይቀኛል እንጂ ስለዚህ ቦታ የሚጠይቀኝ አጥቼ ነበር። ሊንደንብሩክን ካርታ ላይ ብትፈልግ አታገኘውም፤ አንድ ወንዝ፣ አንድ የቢራ ፋብሪካ፣ ሁለት የተኳረፉ አብያተ ክርስቲያናትና ይህ ትምህርት ቤት ነው። በ1857 የመሠረተችው ኦቲሊ የምትባል የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ባለቤት ነች፤ ባሏ ሞቶባት ነበር። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯት፤ አንዱ ፒያኖ አንዱ ቫዮሊን የሚጫወት። በውርስ ተጣሉ። በአንድ ቤት ውስጥ፣ እያንዳንዱ በሩን ዘግቶ፣ አንዱን ሙዚቃ ለየብቻ ይጫወቱ ነበር ይባላል። ሽማግሌ ልካ አስታርቁልኝ ብትል አልሆነም። በመጨረሻ ሀብቷን ለትምህርት ቤት ሰጠችና መመሥረቻው ላይ አንድ ሕግ አስጻፈች፦ ከዚህ ቤት ብቻውን ተጫውቶ የሚመረቅ ሰው አይኖርም።

ልጆቹስ ታረቁ ወይ? ልትለኝ ነው። እኔም ጠይቄ ነበር። አልታረቁም። ትምህርት ቤቱ ግን ይኸው አለ።

ስለዚህ ሦስተኛ ዓመት ላይ አንድ ሰው ትመርጣለህ። ሁለት ዓመት አብረኸው ትለማመዳለህ። ፈተናው አንድ ነው፤ ውጤቱም አንድ ነው። አንዱ ሲሳሳት ሁለቱም ተሳሳቱ። ጀርመኖቹ የራሳቸው ስም አላቸው፤ እኔና እህትህ ግን «ጥማድ» ነው የምንለው፤ እንደ በሬ። እሷ በቫዮሊን እኔ በፒያኖ። ፌብሩዋሪ ውስጥ እንፈተናለን። እንግዲህ ለምን እንደምጮህ ገባህ? ያለ ጥማድ አንድ በሬ አያርስም።

ለተርም ፔፐርህ አንድ ነገር ልጨምርልህ፦ በጦርነቱ ጊዜ ሕንፃው በቦምብ ሲመታ ትምህርቱ ወደ ከተማው መታጠቢያ ቤት ተዛወረ። ገንዳው ውስጥ ፒያኖ አስገቡበት። ሁሉም ድምፅ በሸክላው እየነጠረ የመላእክት ጉባኤ ይመስል ነበር አሉ፤ ተማሪዎቹም የሚሳሳቱ አይመስላቸውም ነበር። ቤቱ ታድሶ ሁሉም ሲመለስ የከበሮ ክፍሉ እዚያው ቀረ። ዛሬም ከበሮ የሚማር «ልታጠብ ነው» ብሎ ነው የሚወጣው።

ጻፍልኝ። ያቺን ቀልደኛም ሳምልኝ።

ትርፌ


ኦክላንድ፣ ኖቬምበር 2 ቀን 1972

እትዬ ትርፌ፣

«እርስዎ» ብዬ እንዳልጽፍ እጄን እየተቆጣሁ ነው። እንደምን አለሽ?

የመታጠቢያ ቤቱን ታሪክ ለመነን በእንግሊዝኛ ነገርኳት። ስምንት ዓመቷ ነው፤ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ገንዳው ውኃ እንዳለበት ነው ወይስ ደርቆ? ብላለች። እኔም ልጠይቅሽ ነበር።

ለውብዳር በጻፍሻቸው ደብዳቤዎች ለጠየቅሽው፦ አዎን፣ ሁልጊዜ እዚሁ ከተማ ነን። አይ፣ ቤት አልቀየርንም። አባዬ መሐንዲስ ነው፤ የሚሠራበት አዲሱ ባቡር በሴፕቴምበር መሄድ ጀምሯል። ከባሕሩ ሥር የሚያልፈው መስመር ግን ገና አልተከፈተም። ስለ ውብዳር የጠየቅሽኝን ሁሉ አሁን ልመልስልሽ አልችልም። እንድትታገሺኝ እለምንሻለሁ። ውሸት ግን አልጽፍልሽም።

የኔ ጥያቄዎች እነሆ። ሕንፃውንና ዓመቱን አወቅሁ፤ ሰዎቹን ግን አላወቅሁም። አስተማሪያችሁ ምን ዓይነት ሰው ነው? የመለማመጃ ክፍሎቹን ቁልፍ ማን ይይዛል? አንቺ ከማን ጋር ነው እሑድ የምትበዪው? ብታመሚ ማን ያንኳኳል? ከጥማዱ አንዱ መምጣት ቢያቅተውስ ሕጉ ምን ይላል?

ታናሽ ወንድምሽ ግርማቸው


ሊንደንብሩክ፣ ኖቬምበር 15 ቀን 1972

ግርማቸው፣

አንተ ልጅ ፖሊስ ነህ። «ብታመሚ ማን ያንኳኳል?» ስትል እናቴን ሆንክብኝ። ደግሞም ደስ አለኝ።

ገንዳው ደርቋል፤ ለመነን ንገራት። መሰላሉ ግን አሁንም አለ፤ ወደ ከበሮው የሚወረደው በእሱ ነው።

አስተማሪያችን ፕሮፌሰር ራይመርስ ይባላሉ። ሰባ ሊሞላቸው ነው። ጥሩ ነው ብለው አያውቁም፤ በጣም ከተደሰቱ «ሊሰማ ይችላል» ይላሉ። ከረሜላ በኪሳቸው ይይዛሉ፤ ስትሳሳት አንድ ይሰጡሃል፣ እኔና እህትህ በዚህ ጥርሳችን አልቋል። ቁልፍ የምትይዘው ፍራው ቬንት ናት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳቋ እንደ በር የሚንቋቋ። መጀመሪያ ስንመጣ በጣም ፈራናት። በኋላ ሳውቃት ግን፣ ባለፈው ክረምት ትኩሳት የያዘኝ ጊዜ ሾርባ ይዛ የመጣችው እሷ ነበረች፤ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ ጋዜጣ ስታነብልኝ ዋለች፤ የሞቱትን ሰዎች ማስታወቂያ ሳይቀር። እሑድ የምበላው ከጎረቤቴ ከያኒስ ጋር ነው። ግሪካዊ ነው፤ መለከት ይማራል፤ የቤቱ ባለቤት እንዳይቆጣ ትራስ ውስጥ ይነፋል። ታዲያ ትራሱ እየተበሳ ላባው በክፍሉ ሁሉ ይበራል።

ትምህርቶቹን ጻፊልኝ ብለህ ነበር፦ ለኦርኬስትራ የሚያዘጋጅ ክፍል አለ፤ የሙዚቃ መምህራን ክፍል አለ፤ ኦርጋን ለሚማሩ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ክፍል አለ፤ ኦፔራ አለ፤ እነዚያ ደረጃው ላይ እየጮኹ ነው የሚወጡት። ቅዳሜ የከተማው ልጆች መሰናዶ አለ። ማታ ማታ ደግሞ የቢራ ፋብሪካው ሠራተኞች መዘምራን ይለማመዳሉ፤ ይህንም ኦቲሊ ናት ያዘዘችው።

ለመጨረሻው ጥያቄህ፦ አንዱ ቢታመም ፈተናው ይተላለፋል። ትምህርቱን ቢተው ሌላ ጥማድ ይያዛል፤ ግን ከገና እረፍት በፊት። ከዚያ ካለፈ ዓመቱ ጠፋ። ስኮላርሺፔም እስከ ክረምቱ መጨረሻ ነው፤ ዓመት ቢጠፋብኝ ያለ ዲፕሎማ ነው አገሬ የምገባው። ፕሮፌሰሩ ትናንት ጠርተው «ካትሪንን ያዢ» አሉኝ። ቫዮሊን የምትጫወት ልጅ ናት፤ ጥማዷ ወደ ቪየና ሄዶባታል፤ ዓይኗን ከመሬት የማታነሣ ዓይነት። እኔ ግን ውብዳር ትመጣለች ብዬ ፊታቸው ማልኩ። «ማርያምን!» አልኳቸው። በጀርመንኛ የሚተረጎም አይደለም፤ ግን ገባቸው መሰለኝ፣ ከረሜላ ሰጡኝ።

ግርማቸው፣ አሁን ቁም ነገር። አግብታለች አይደል? እዚያ አንዱን አግኝታ፣ ትምህርቱን ትታ፣ እኔን አፍራ ነው ዝም ያለችው። አውቄአለሁ። አልቆጣም። መጀመሪያ ትንሽ እቆጣለሁ፣ ከዚያ ሠርጓን ባለማየቴ አለቅሳለሁ፣ ከዚያ ያልፋል። እውነቱን ብቻ ጻፍልኝ። እኔ የማልችለው አለማወቁን ነው።

ትርፌ


ኦክላንድ፣ ኖቬምበር 26 ቀን 1972
(ያልተላከ)

እትዬ ትርፌ፣

ይህንንም አልልከውም፤ ግን የዛሬውን ለአንድ ሰው መንገር አለብኝ፣ የምነግረው ሰው ደግሞ አንቺው ሆነሻል።

አቶ ወልደ ማርያም ዛሬ እሑድ ከሳን ሆዜ መጥተው ነበር። ከምሳ በኋላ ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው። «አግብታለች አይደል?» የሚለው ላይ ስደርስ እማዬ ሳህኖቹን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

«ጋሼ፣ ይህችን ልጅ እየጎዳናት ነው» አልኩ። «እስከ ገና ሌላ ሰው ካልያዘች ዓመቷ ይበላሻል። እርስዎ የሚሄዱት ለፋሲካ ነው።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው? ልትጽፍላት?»

«አዎን።»

«መርዶ በፖስታ!» አሉ። «ስትወድቅ ማን ይደግፋታል? ፖስተኛው? ወይስ ቴምብሩ?»

«እሺ፣ ኮል እናድርግላት።»

«ስልኩን እንደያዘች ብትጮህ ማን አይዞሽ ይላታል? ኦፕሬተሯ? ‹ሦስት ደቂቃ ሞልቷል እመቤት›?»

አባዬ ሳቀ። ከኦገስት ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ዛሬ ነው። ወዲያው ደንግጦ አፉን በእጁ ያዘ፤ ሁላችንም ወደ ጠረጴዛው አየን።

መነን ምንጣፉ ላይ ሥዕል እየሣለች ነበር። ቀና ብላ፣ «ትርፌ ዳዝንት ኖው?» አለች። አታውቅም አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ዛትስ ሚን» አለች። ክፋት ነው ማለቷ ነው። በትልልቅ ሰዎች ፊት እንዲህ አይባልም የሚላት ሰው አልተገኘም።

ያን ጊዜ እማዬ ከወጥ ቤት፣ «እዚያ ሰው የለም?» አለች።

«ሐበሻ የሚባል የለም። እሷ ብቻ ናት» አልኩ።

«ሐበሻ መቼ አልኩ? ሰው ነው ያልኩት።»

አቶ ወልደ ማርያም መነጽራቸውን አወለቁ። «ወይዘሮ መንበረ፣ ፈረንጅ መርዶ ይነግራል?»

«ካስተማሩት ምን ያቅተዋል? ቫዮሊን ሲያስተምሩን እኛ አልተማርንም?» አለች።

ከዚያ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና፣ «በል ወረቀት አምጣ። በእንግሊዝኛ ጻፈው። ከአንድ በላይ ሰው ይሁን። በዕድሜ የገፋው ይናገር…» እያሉ ይነግሩኝ ጀመር።

ለማን ብዬ ማሰብ አላስፈለገኝም። ደብዳቤዎችሽን ከክፍሌ አመጣሁና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። ያን ሁሉ የጠየቅሁሽ ለዚህ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ግርማቸው


ኦክላንድ፣ ዲሴምበር 4 ቀን 1972

እትዬ ትርፌ፣

ውብዳር አላገባችም። አላፈረችብሽም፤ አልተቀየመችሽምም።

«የማልሁትን መሐላ ምን ላድርገው?» እንዳትዪ፤ እግዚአብሔር ይፍታሽ። ዛሬ ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ወንድምሽ ግርማቸው


ሊንደንብሩክ፣ ዲሴምበር 20 ቀን 1972

ወንድሜ ግርማቸው፣

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ለአባትህ፣ ለእናትህ፣ ለመነን፣ ለአንተም። ይህን ከአራት ወር በፊት ልላችሁ ይገባኝ ነበር፤ አልፈቀዳችሁልኝም።

ተቀይሜሃለሁ። ይህንንም ልጽፈው ይገባል። እናንተ ስታለቅሱ እኔ ስለ ሹራብ እጽፍ ነበር። ዋሾ፣ ሰነፍ፣ ንግሥት ነሽ እያልኩ ለሙት ስድብ ስልክ ነበር። ሌሊት ሌሊት ያን ሳስታውስ ትራሴን እነክሳለሁ። ይህን ቂም ትንሽ ልያዘው፤ ከዚያ እተወዋለሁ።

አሁን እንዴት እንደተነገረኝ ልንገርህ፤ ማወቅ እንደምትፈልግ አውቃለሁና።

ባለፈው ቅዳሜ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ጀርመን ሳይነግርህ ቤትህ አይመጣም። ለቡና እንኳ ከሁለት ሳምንት በፊት ነው የሚጠራህ። ከፍቼ ሳይ ፕሮፌሰር ራይመርስ፣ ፍራው ቬንትና ያኒስ ቆመዋል፤ ሦስቱም ጥቁር ለብሰዋል። የያኒስ ኮት የውሰት ነው መሰለኝ እጅጌው ክርኑ ጋ ቀርቷል። አጭሯ ደብዳቤህ ሳምንት ሙሉ ስታባንነኝ ነበር፤ እነሱን ሳይ ገና ደጃፉ ላይ ገባኝ። የማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። አባቴ ነው ብዬ ነበር።

ፍራው ቬንት ክንዴን ይዛ አልጋው ላይ አስቀመጠችኝና አጠገቤ ተቀመጠች። ያኒስ በሌላው ጎን። ፕሮፌሰሩ ከኪሳቸው ወረቀት አወጡ፤ አዩት፤ መልሰው ከተቱት። ከዚያ በአማርኛ፣ ግርማቸው፣ በአማርኛ፦ «ትርፌ፣ ውብዳር አረፈች» አሉኝ። ለብዙ ቀን እንደተለማመዱት ያስታውቃል። አንተ በላቲን ፊደል ጽፈህላቸው ኖሯል። በጀርመንኛ ቢነግሩኝ የሰው ወሬ መስሎ ያልፈኝ ነበር፤ በዚያ ቋንቋ ሞቶብኝ የሚያውቅ ሰው የለም። በአማርኛ ሲሉኝ ግን ውስጤ ገባ።

ጮኽኩ። «ስትጮህ ዝም በዪ አትበሏት» ብለህ ጽፈህ ኖሮ አንዳቸውም ዝም በዪ አላሉኝም። ያኒስ ከእኔ ብሶ አለቀሰ። ታች ያለው ሰውዬ ጣራውን በመጥረጊያ ሲደበድብ ፍራው ቬንት ተነሥታ ወረደች። ምን እንዳለችው አላውቅም፤ ከሰዓት በኋላ ሰውዬው ዳቦ ይዞ መጣና ባርኔጣውን አውልቆ ደረጃው ላይ ቆመ።

ሦስት ቀን ብቻዬን አልተዉኝም። ፍራው ቬንት ቁልፎቹን ለሌላ ሰው ሰጥታ ዋለች፤ በሥራ ዘመኗ ይህ የመጀመሪያ ነው አሉኝ። ስለ ውብዳር እንዳወራላቸው ጠየቁኝ። ይህም ከአንተ ነው? «ስለ ሟች አስወሯት» ብለህ ነበር? ካልሲውን ሳወራ ሳቅን፣ ደግሞ አለቀስን። ፕሮፌሰሩ ከረሜላ አውጥተው ሊሰጡኝ አሉና የተሳሳቱ መስሏቸው መልሰው ደበቁት። ተቀብዬ በላሁት።

ደብዳቤህን አሳዩኝ ብላቸው እምቢ አሉ። «የተጻፈው ለእኛ ነው» አሉኝ።

በመጀመሪያው ቀን ብትጽፍልኝ ኖሮ ደብዳቤውን በሁለት ትምህርት መካከል ደረጃው ላይ ቆሜ ነበር የምከፍተው። ይህን አስቤበታለሁ። ቂሜ ላይ ቢሆንም አስቤበታለሁ።

ካትሪንን ይዣለሁ። ከገና እረፍት በፊት በመጨረሻው ቀን ተመዘገብን።

እህትህ ትርፌ


ኦክላንድ፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 1973

እትዬ ትርፌ፣

አንቺንም እግዚአብሔር ያጽናሽ። ነገ ገና ነው፤ ዘንድሮ ቤታችን አይከበርም፤ መነን ግን አባዬን ትንሽ ዛፍ አስገዝታዋለች። እማዬ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። የሰውዬው ዳቦ ጋ ስደርስ «አየህ፣ ሰው አለ» አለች። አቶ ወልደ ማርያም ደግሞ «በአማርኛ አሉ? ጉድ ነው!» እያሉ ለደወለላቸው ሁሉ ይናገራሉ፤ ሐሳቡ የእሳቸው ሆኖ ቀርቷል። ለፋሲካ ቫዮሊኑን ይዘውልሽ ይመጣሉ፤ የኮንሰርቫቶሪው ንብረት መሆኑን ሣጥኑ ላይ ያለውን ማኅተም እስክናይ አላወቅንም ነበር።

ተርም ፔፐሩን አስረከብኩ። ኤ ማይነስ ነው። አስተማሪዋ ከዳር «ወንድማማቾቹ ታረቁ?» ብላ ጽፋለች። ማይነሱ ባለመታረቃቸው ይመስለኛል።

እስካሁን ብዙ ጠይቄሻለሁ፤ ዓመት፣ ሕግ፣ ገንዳ። መጠየቅ የምፈልገውን ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁም፤ እንዳታውቂብኝ እፈራ ነበር። አሁን ልጠይቅ። ውብዳር እዚያ ስትስቅ እንደ እዚህ አፍንጫዋን ትይዝ ነበር? ጠዋት ማን ይቀሰቅሳት ነበር? ስለ እኔ አውርታልሽ ታውቃለች? ጥሩ ነገር ባይሆንም ግድ የለኝም።

ከዚህ ጋር ለፈተናው ስትለማመዱት የነበረውን ሶናታ ኖታ ልኬልሻለሁ፤ የእሷን የቫዮሊን ክፍል። ሣጥኑ ውስጥ ነበር። ለካትሪን ይጠቅማት ይሆናል። በእርሳስ ብዙ ምልክት አለበት፤ እኔ ማንበብ የቻልኩት አማርኛውን ብቻ ነው። በመጨረሻው ክፍል፣ ገጹ ከላይ፣ «ትርፌ እዚህ ትሮጣለች፤ ቀስ!» ይላል። እውነት ትሮጫለሽ?

ወንድምሽ ግርማቸው


ሊንደንብሩክ፣ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1973

ወንድሜ ግርማቸው፣

እሮጣለሁ። እዚያች ቦታ ላይ ሁልጊዜ እሮጣለሁ፤ ከዓመት በላይ በዚህ ስንጣላ ነበር። «ፈረስ የሚያባርርሽ አለ?» ትለኛለች። እኔ አልሮጥኩም እላለሁ። እንደዚያ ብላ መጻፏን ግን አሁን ካንተ ገና ሰማሁ።

ስትስቅ አፍንጫዋን ትይዛለች፤ እዚህም እንዲሁ ነበር። የምቀሰቅሳት እኔ ነበርኩ፤ ግድግዳውን በጫማ በመደብደብ። ስለ አንተ ሁልጊዜ ታወራ ነበር፦ «ወንድሜ ሲጠይቅ አያልቅበትም፣ አንድ ቀን እዚህ አመጣዋለሁ፤ ፍራው ቬንትን በጥያቄ ይጨርስልናል» ትል ነበር። እንደፎከረችው ሆነ።

ኖታው ሲደርስ ካትሪን አንድ በአንድ እንድተረጉምላት ጠየቀችኝ። ያቺ ዓይኗን ከመሬት የማታነሣ ልጅ፣ እርሳስ ይዛ፣ «ይህ ጭረት ምን ይላል? ይህስ?» እያለች አመሸች። የቀስቱን ምልክት አንዱንም አልቀየረችም። «ይህች ልጅ ታውቅ ነበር» አለች።

ትናንት ተፈተንን። መጀመሪያው ደኅና ሄደ፤ መካከለኛው ላይ እንደማለቅስ ፈርቼ ነበር፣ አላለቀስኩም። የመጨረሻው ክፍል ገጽ ተገለበጠ። ጣቶቼ ሲያመልጡኝ ተሰማኝ፤ እያወቅሁ መያዝ አቃተኝ። ያን ጊዜ ካትሪን፣ አገጯን ከቫዮሊኑ ሳታነሣ፣ አዳራሹ ሁሉ እስኪሰማ፦

«ቀስ!»

ከፈታኞቹ አንዱ ቀና አለ። ፕሮፌሰር ራይመርስ ከኋላ ወንበር ሆነው ከረሜላቸውን ሲያንኮሻኩሹ ሰማሁ።

ቀስ አልኩ።

እህትህ ትርፌ